ባለቤት የሌለው መስመር

ነሐሴ 2011 ላይ የ2012ን ገጽ ለማተሚያ ቤት ልንልክ ሦስት ቀን ቀርቶን ነበር። ቢሯችን ጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ብሎ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውን ሰው ለማናገር እንኳን መጮህ ግድ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ዝናቡ ሲያባራም አልበረድንም።

የተጨቃጨቅነው በስምንት መስመር ነው። ኢንሳይክሎፔዲያችን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ገጽ አለው። ያለፈ ዓመት አያስቸግርም፤ የሆነው ሆኗል፣ ማስረጃውን ይዞ መጻፍ ነው። ጭንቁ ገና ያልገባው ዓመት ላይ ነው። «የሚጠበቁ» የምትል ክፍል አለች። ስምንት መስመር ብቻ። በቀን ሳይሆን በክብደት ነው የምንደረድራቸው። ከታተመ ደግሞ ታተመ ነው፤ ተመልሶ አይነሳም።

ክፍሏ የእኔ ነበረች። ደንብም አውጥቼላታለሁ። ቀኑ የተቆረጠ፣ ቀኑን ያሳወቀ ባለቤት ያለው፣ ከአንድ ከተማ አልፎ ሰው የሚነካ ክንውን ይገባል። ሌላው ይቀራል።

ደንቡን ያወጣሁት ተቃጥዬ ነው። በፈረንጆቹ የ2020 ቻን፣ በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ እግር ኳስ ውድድር፣ ለኢትዮጵያ ተሰጠ ሲባል ደስ ብሎን ረቂቁ ላይ አስገብተነው ነበር። ጥር 2011 ላይ ውድድሩ ከእጃችን ወጣ። በኋላ ለካሜሩን ተሰጠ። ያቺን መስመር ስሰርዝ እጄ ከብዶኛል። የአቆጣጠሩም ነገር አለ። አንድ ልጅ የአሜሪካ ምርጫ በ2020 ነው ብሎ 2012 ገጽ ላይ ጻፈው። ቀኑ በኛ ሲሰላ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነው። አንድ የፈረንጅ ዓመት በኛ ሁለት ዓመት ላይ እንደሚያርፍ የሚረሳ ሰው እዚህ ሥራ ላይ ብዙ አይቆይም።

በደንቡ መሠረት ሰባቱ መስመሮች ሞሉ። አንደኛ ጠቅላላ ምርጫው። የምርጫው ቀን ገና አልተቆረጠም፤ ግን የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ስለሆነ ለእሱ ብቻ ደንቤን ላላ አደረግሁት። ሁለተኛ የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ሐምሌ 17 የሚጀምረው። ከዚያ ሰኔ 5 የሚከፈተው የአውሮፓ ዋንጫ። ቻንም በካሜሩን ስም ተመልሶ ገባ። ሌሎቹን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ስምንተኛዋ መስመር ባዶ ቀረች። ለእሷ ሁለት ሰው መጣ።

የመጀመሪያው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። በዓመቱ ውስጥ የሚመረቅ ሕንፃ አላቸው። ደብዳቤ ይዞ ነው የመጣው፣ ከነማኅተሙ።

«እህቴ፣ ማኅተሙን አየሽው?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም። ግን ሕንፃው ከጅማ ውጭ ላለ አንባቢ ምኑ ነው?»

ደብዳቤውን አጠፈና ኪሱ ከተተው። በር ላይ ደርሶ ዞረ።

«አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

እናቴ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቡና እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ወጥቷል። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም። ገጹ ላይ የምጽፈው አገሬን በመውደዴ ልክ ቢሆን ኖሮ ስምንቱም መስመር የጅማ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ያርሙልናል። በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ሰኔ 14፣ የቀለበት የፀሐይ ግርዶሽ፣ በላሊበላ በኩል ያልፋል» ትላለች።

«ጋሼ፣ ይኼ የሥነ ፈለክ ገጽ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ለምን?»

«ባለቤት የለውም። ማን ነው ያሳወቀው? ማን ነው የሚያዘጋጀው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። በሹራባቸው ጫፍ አንዱን መስተዋት፣ ቀጥሎ ሌላውን ጠረጉ። መልሰው እስኪያደርጉት ማንም አልተናገረም።

«ባለቤት ስለሌለው እኮ ነው፣ ልጄ። የሚሰርዘው ሰው የለም።»

ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የበዓላቱን ሠንጠረዥ እየሞላ ነበር። ፋሲካን ከባሕረ ሐሳቡ ሚያዝያ 11 ብሎ ጨርሷል። ኢድ አልፈጥር ላይ «ግንቦት 15 ወይም 16» ብሎ ትቶታል። ቀና አለ።

«ጋሼ፣ እኛ እዚህ ጨረቃ ካልታየች ቀን አንቆርጥም። እርስዎ ያቺኑ ጨረቃ ከዓመት በፊት በደቂቃ ይቀጥሯታል?»

«ለኢድ ዓይን ማየት አለበት፣ ሥርዓቱ ነው። ለግርዶሽ ስሌት ይበቃል። ብናያትም ባናያትም በሰዓቷ ትመጣለች።»

ያኔ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «መምጣቷ እርግጥ ነው። ግን ምን ትለውጣለች? ኦሎምፒክ ዓለምን አንድ ቦታ ይሰበስባል። ቀለበቱ ላሊበላ ላይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።»

«እሱ ሌላ ጥያቄ ነው» አሉ። «ይሆናል ወይ የሚለው አንድ ነው። ይከብዳል ወይ የሚለው ሌላ ነው። አንቺ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደሻቸዋል።»

ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ነው። ፊቴ ጋለ። ሦስት ወር ሙሉ የደከምኩበትን ደንብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈሉት። መልስ ስላጣሁ ተናደድኩ፤ ስለተናደድኩ ደግሞ መስመሯን ሰጠኋቸው። ስምንተኛ፣ ከሁሉ በታች።

ከዚያ መጋቢት መጣ። መጋቢት 4 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። ማክሰኞ መጋቢት 8 የአውሮፓ ዋንጫ በአንድ ዓመት ተላለፈ። በዚያው ሰሞን ቻንም ተላለፈ። በሳምንቱ፣ ማክሰኞ መጋቢት 15፣ ቶኪዮ ተላለፈ። ከዚያ ለሚቀጥለው ማክሰኞ፣ መጋቢት 22፣ ለነሐሴ 23 ተቆርጦ የነበረው ምርጫ እንደማይካሄድ ተነገረ። በሦስት ማክሰኞ ገጼ ፈረሰ።

ቢሮ የሚቀመጠውን ቅጂ አውጥቼ በቀይ እስክሪብቶ ጎኑ ላይ «ተላልፏል» እያልኩ ጻፍኩ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አራቴ። እነዚህ እኮ በደንቤ የገቡ ናቸው። ቀን አላቸው፣ ባለቤት አላቸው፣ ክብደት አላቸው። ባለቤቶቻቸው ናቸው ያስተላለፏቸው፤ ማስተላለፋቸውም ልክ ነበር። የዓመቱን ገጽ የሞላው በሽታ ደግሞ በስምንቱ መስመር የትም የለም።

እሑድ ሰኔ 14 ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ እቤት ነበርኩ። ደመናው ሳስቷል። የጎረቤት ልጆች የድሮ የራጅ ፊልም ይዘው ወደ ላይ ሊያዩ ሲሉ ተቆጥቼ ነጠቅኋቸው፤ ዓይን ያጠፋል። ጋሼ በዋዜማው ደውለው «ወደ ላይ አትዪ፤ ዛፍ ሥር ሆነሽ መሬቱን እዪ» ብለውኝ ነበር። ጓሯችን ውስጥ አቮካዶ አለች። ሥሯ ስገባ በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን መሬት ላይ ክብ አልነበረም። እያንዳንዷ የብርሃን ነጠብጣብ ማጭድ ሆናለች። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የዞሩ። ንፋስ ቅጠሉን ሲነካው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌ ላይም አረፉ። ለጅማ ሙሉው ቀለበት አልደረሰንም፤ እሱ በሰሜን በኩል ነው ያለፈው። ለእኔ ግን ይኼው በቂ ነበር። በዚያ ዓመት ቀጠሮውን ያከበረ ሌላ ነገር ያየሁ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ስምንተኛዋ መስመር ጎን «ሆኗል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ።

ሕንፃውም ተመረቀ። በጥቂት ሰው፣ ማስክ ተደርጎ፣ ተራርቀው ቆመው፣ ግን ባሉት ዓመት ተመረቀ። ኃላፊው የምረቃውን ፎቶ ላከልኝ፤ ምንም ቃል አልጨመረበትም። አሁንም ቦታው እዚያ ገጽ ላይ አይደለም እላለሁ። ያኔ ግን «ቢሆንም አይገባም» ማለት ሲገባኝ፣ ይመረቃል ብዬም ስላላመንኩ ነበር ዝም ብዬ የሸኘሁት። ለዚህ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። መልስ አልሰጠኝም።

ምርጫው በዓመቱ ሰኞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። ግርዶሹ በዋለበት ቀን፣ ልክ አንድ ዓመት ቆይቶ። ቶኪዮም ሐምሌ 16 ቀን 2013 ተከፈተ፣ «ቶኪዮ 2020» የሚለውን ስሙን እንደያዘ። የትኛው ዓመት ገጽ ላይ ይግባ ብለን እንደገና ተጨቃጨቅን። እኔ በዋለበት ዓመት ነው ብዬ 2013 ላይ አስገባሁት።

አሁን የ2019 ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አዲስ አበባ የሚስተናገደው 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2027 ስለሆነ ወደ 2020 ገጽ አሳልፌዋለሁ። ሐምሌ 26 ግን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ግብፅ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል። እኛ ጋ በከፊል ይታያል።

ጋሼ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ቢሮ መምጣት ትተዋል። ባለፈው ሐሙስ ደወልኩላቸው።

«ግርዶሹን አስገብቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ስንተኛ ላይ?»

«አንደኛ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከበስተጀርባቸው ሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰማኛል፤ ቡና ሊፈላ ነው።

«ኧረ ተይ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቢሰረዝም የሰው ነገር ይቅደም። እሱን ስምንተኛ ላይ መልሺው።»