የድጋፍ ደብዳቤውን አትጠብቁ

ይህን የምጽፈው በሃይማኖት ነፃነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ጣልቃ ለመግባት ለሚያስቡ ክርስቲያን ጠበቆች ነው። በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለምትሠሩ። መዝገብ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ቢላችሁ፣ ሕጉ አይጠይቀውምና አትጠብቁ። እኔ ስጀምር ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ባገኝ ኖሮ የሟች ቤተሰቦች ያን ሁሉ ጊዜ ባልተንገላቱ ነበር።

ጉዳዩ የመቃብር ቦታ ነው። ከደሴ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ለብዙ ዓመታት ሙታኗን የቀበረችበት ቁራሽ መሬት አላት። ካርታ ግን የላትም። አንድ ግለሰብ “መሬቱ የእኔ ይዞታ ነው” ብሎ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሰሰ። አጥቢያዋን ማንም አልጠራትም። ከሳሹ ቢረታ የተቀበሩት ሰዎች ልጆች ነገሩን የሚሰሙት አፈሩ መቆፈር ሲጀምር ነው።

ምእመናኑ ሌላ መቅበሪያ የላቸውም። አንዳንዶቹ ከዚህ በፊት “የእናንተን ሰው እዚህ አናስቀብርም” ተብለው አስከሬን ይዘው የተመለሱ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እምነትን ለብቻ ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ የመከተልና የመተግበር መብት ይሰጣል። እናቱን በእምነቱ ሥርዓት መቅበር ያልቻለ ሰው ከዚህ መብት ምን ደረሰው?

የሕጉ መንገድ ከባድ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 41 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ጥቅሙ የሚነካ ሰው በሌሎች ክርክር ጣልቃ እንዲገባ ይፈቅዳል። አቤቱታ ትጽፋላችሁ፣ ጥቅማችሁን ታስረዳላችሁ፣ ማስረጃ ታያይዛላችሁ። መሬቱ እንዳይነካ በቁጥር 154 እግድ ትጠይቃላችሁ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ከሰማችሁ ደግሞ ሳይፈጸም በቁጥር 358 መቃወሚያ ታቀርባላችሁ። ከአዲስ አበባ ጠበቃ የምታመጡ ከሆነ የክልሉ ፈቃድ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ። በፌዴራል ፈቃድ ብቻ በክልል ፍርድ ቤት መቆም አይቻልም።

እኛን የበላን መዝገብ ቤቱ ነው።

አቤቱታውን ይዘን ገባን። ሬጅስትራሩ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና “ከሳሽ ናችሁ ተከሳሽ?” አለን። “ጣልቃ ገብ ነን” አልነው። “የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ከሚመለከተው ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ” አለ። የትኛው ሕግ ነው ይህን የሚለው? ስንጠይቀው “አሠራሩ ነው” ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ቁጥር 41ን ደጋግማችሁ አንብቡት። የድጋፍ ደብዳቤ የሚል የለበትም። እኔ እዚያው ልከራከር ብዬ ነበር። የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ግን ከመሥሪያ ቤት ጋር መጣላት አልፈለጉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ነው የኖሩት፤ አልፈርድባቸውም። ወደ ቢሮው ሄዱ።

እዚያ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተም ያዧ ፈቃድ ወጥታለች። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ግን አልተፈረመም። ባሏ እዚያ መሬት ውስጥ የተኛ አንዲት እናት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣች ትመላለስ ነበር። ወጣቱ ጸሐፊ “እማማ ነገ ይምጡ” ሲላት እሺ ልጄ ብላ ትመለሳለች። ነገ የሚባለው ቀን የትራንስፖርት ብር እንደሚበላ ያ ልጅ አላሰበውም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደብዳቤውን የሚሰጠው ቢሮ የሚታዘዘው ከተከሳሹ መሥሪያ ቤት ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር መሆኑ ነው። በክርክሩ ውስጥ ያለ ወገን የእኛን መግቢያ በር ይዟል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እግድ የለንም። አቤቱታው መዝገብ ውስጥ ካልገባ እግድ ከየት ይመጣል? ከሳሹ በመቃብሩ ዳር ድንጋይ አስወረደ።

በመጨረሻ ደብዳቤው ወጣ። የሚለው የእምነቱ ተከታዮች በአካባቢው እንደሚኖሩ ብቻ ነው። አጥቢያዋ በፌዴራል ደረጃ የተመዘገበች ቤተ ክርስቲያን አካል መሆኗን አይናገርም። የከሳሹ ጠበቃ ይህን እንዳየ “ሕጋዊ ሰውነት የሌለው አካል ጣልቃ ሊገባ አይችልም” ብሎ ተቃወመ። ቀጠሮ ተለወጠ። ያን ያህል የተለመነ ደብዳቤ ለእሱ ጠቀመው።

ይህን ነገር ቀድማችሁ ዝጉት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 398 ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣል። ሌሎቹን በቁጥር 407 ለልዩ ሕግ ይተዋቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ተቋቁመዋል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ከከተማ ዳር ያለች ትንሽ አጥቢያ ግን በእጇ ምንም ወረቀት ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ ከእናት ቤተ ክርስቲያኗ የምዝገባ የምስክር ወረቀትና በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ሳትይዙ በአጥቢያ ስም አትግቡ።

ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ፤ እኛን ያወጣን እሱ ነው። በሟች ቤተሰቦች ስም ግቡ። ልጅ በአባቱ መቃብር ላይ ጥቅም የለውም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ዳኛ ፊት ደፍሮ አይቆምም። ብዙ ከሆኑ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 መሠረት በስምምነታቸው ጥቂቶቹ ሌሎቹን ወክለው መቆም ይችላሉ።

ማን የት እንደተቀበረ በምን እናስረዳለን ስንል መልሱ ከሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ከእድሩ፣ መጣ። የቅሬው ጸሐፊ ሙስሊም አባት ናቸው። መዝገባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን። የሟቹ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ ድንኳን የተከለው፣ የቆፈረው፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ለምስክርነት እንዲቆሙ ስንጠይቃቸው “እኔ ራሴ አፈር አልብሻቸዋለሁ፤ ማን ነው እዚህ አልተቀበሩም የሚለው?” አሉ። ችሎት ቀርበውም ይህንኑ ተናገሩ። እኔ ካዘጋጀሁት የሕግ ክርክር ሁሉ የእሳቸው ቃል በለጠ። ወሎ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ከማንም ቢሮ በፊት ቅሬውን አነጋግሩ።

በቤተሰቦቹ ስም ሁለተኛውን አቤቱታ ስናስገባ ሬጅስትራሩ ያንኑ ደብዳቤ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ “እምቢ ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡን፣ ይፈርሙበት” አልነው። ዝም ብሎ አየንና ማኅተሙን መታ። ዳኛዋ አቤቱታውን ተቀብላ እግድ ሰጠች። በሕግ የተጻፈ መብት ይህን ያህል መለመን አልነበረበትም።

አሁን ብዙዎች የማይስማሙበትን ልናገር። በሥልጠናዎች ላይ “ሕገ መንግሥቱን አስቀድሙ፣ አንቀጽ 27ን፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን አንቀጽ 11ን ጥቀሱ” ይባላል። እኔ አታስቀድሙ እላለሁ። ክርክሩ ገና ከጅምሩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ መስሎ ከታየ ተከራካሪያችሁ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይላክልኝ ሊል ይችላል። ከዚያ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ይሄዳል። መሬቱ ላይ ድንጋይ እየወረደ ያንን መጠበቅ አይቻልም። ይዞታውን፣ መቃብሩን፣ ቤተሰቡን አስቀድሙ። አንቀጽ 27 ከኋላ ይምጣ፤ ግን ይምጣ፤ አትተዉት።

ወጣት ጠበቆች የስትራስቡርግ መዝገቦችን እያነበቡ እንደሚመጡም አያለሁ። ጥሩ ንባብ ነው። ስትራስቡርግ የተቀመጠው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 36 ለሦስተኛ ወገኖች በጽሑፍ አስተያየት የማቅረብ ዕድል ይሰጣል። በጣሊያን ትምህርት ቤቶች ስለተሰቀለው መስቀል በተነሳው የላውትሲ ጉዳይ 10 መንግሥታትና ክርስቲያን ጠበቆች የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ጭምር በዚህ መንገድ ገብተዋል። ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2011 15 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለጣሊያን ወሰነ። እዚያ የሚገባ ድርጅት የራሱ መሬት ወይም ገንዘብ መነካቱን ማሳየት አይጠበቅበትም። የእኛ ቁጥር 41 ግን ጥቅምህ የቱ ነው ይላል። የዚያን አገር ጽሑፍ ገልብጣችሁ እዚህ ብታስገቡ የሚያነበው የለም።

በአቤቱታው አናት ላይ የክርስቲያን ጠበቆች ኅብረት የሚል ርዕስ አለማድረጋችንንም የነቀፉን ወንድሞች አሉ። እምነቴን አልደበቅኩም፤ ከችሎት በፊት ከቤተሰቦቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆመን ጸልየናል። ወረቀቱ ላይ ግን መጻፍ ያለበት የባለጉዳዩ ስም ነው። ነገ የሙስሊሞች መቃብር ወይም የኦርቶዶክሶች ጥምቀተ ባሕር በዚሁ መንገድ ቢነካ ያው አቤቱታ ይሠራል። እኔም ሳልጠራ እሄዳለሁ።

ፍርዱ መቃብሩን ከከሳሹ ይዞታ ለይቶ ለቤተሰቦቹ አስቀርቷል። በዚህ እኮራለሁ። ካርታው ግን ገና ነው። አጥቢያዋ በሰነድ አልባ ይዞታነት እንዲመዘገብላት አመልክታለች። ሽማግሌዎቹ ማመልከቻውን ያስገቡት በሁለት ኮፒ ነው። አንደኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን እስኪጻፍ ድረስም ከመስኮቱ አልተነሱም።