በወንፊት ቀለም ልረጭ ብዬ 140 ካርድ ያበላሸሁበት ታሪክ

ይሄን የምፅፈው ያኔ አንድ ሰው "ወንድሜ፣ ወንፊቱ ከምን እንደተሰራ አይተሃል ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ የ200 ካርድ ትዕዛዝ፣ የአንድ ሳምንት እንቅልፍና የእናቴን ምርቃት አላጣም ነበር ብዬ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩት በሙሉ "ወንፊት ያዙ፣ ብሩሽ ያዙ፣ ፈትጉ" ይሉና ቀጥታ ወደሚያምረው ውጤት ይሄዳሉ፣ ወንፊቱ የሚዝግ ነው አይዝግም የሚል አንድም የለም።

ለማያውቀው፣ ነገርየው መዳፍ የምታክል ወንፊት ናት፣ ዙሪያዋን ፍሬም ያላት፣ እጀታ ያላት፣ በቃ። ጠንከር ያለ ብሩሽ ቀለም ታስነካና ወንፊቷ ላይ ፈተግ ፈተግ ታደርገዋለህ፣ ቀለሙ በቀዳዳው ሲያልፍ ብናኝ ሆኖ ከስር ያለው ወረቀት ላይ ይርከፈከፋል። ወረቀቱ ላይ ቅጠል አስቀምጠህ ከሆነ ቅጠሉን ስታነሳው ቅርፁ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ዙሪያው እየሳሳ እየሳሳ የሚሄድ ቀለም ይሆናል። ጃፓኖች ይቺን እቃ ቦካሺ አሚ ይሏታል፣ ቦካሺ ማለት ቀለም ቀስ እያለ ሲደበዝዝ ነው፣ አሚ ደግሞ መረብ። ቱሉዝ ሎትሬክ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለሰራቸው ፖስተሮች የድንጋይ ህትመቱ ላይ ቀለም በብሩሽ እየረጨ ነበር ያን ብናኝ የሚያመጣው፣ ፈረንሳዮቹ ክራሺ ይሉታል፣ እንትፍታ እንደማለት ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ እንደሚመርቀው ማለት ነው፣ የኔው ግን እርግማን ነው የሆነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ታፔላና ማስታወቂያ እሰራለሁ። በኮምፕረሰር የሚረጭ ኤርብራሽ ዋጋውን ጠይቄ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት፣ ብገዛውስ መብራት ሲሄድ ምን ላደርገው ነው። ወንፊት መብራት አይፈልግም። ደግሞ ልጅ ሆነን አበባና መልአክ ስለን በየቤቱ "እንቁጣጣሽ" እያልን ስንዞር የነበረው ትዝ አለኝና ለምን በዚህ የአዲስ ዓመት ካርድ አልሰራም አልኩ፣ ነጭ ብሪስቶል (ወፍራም ወረቀት ነው) ላይ ቢጫ ብናኝ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ቅጠል።

መጀመሪያ በአደይ አበባ ሞከርኩ፣ አልሆነም። አበባው መሃሉ ወፈር ስለሚል ወረቀቱ ላይ አይተኛም፣ ቀለሙ ከስሩ ይገባና ቅርፁ ይጠፋል። ሳምንት ሙሉ ደብተር ውስጥ አድርገህ ድንጋይ ካልጫንክበት አትድከም። ባህር ዛፍ ቅጠል ሞከርኩ፣ ቢላ ነው የሚመስለው። የሆነ ጓደኛዬ ከእንጅባራ ሲመጣ የዲከረንስ ቅርንጫፍ ይዞልኝ መጣ፣ ያ አዊ ውስጥ ገበሬው ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ማለት ነው። ወገን፣ ቅጠሉ እኮ ላባ ነው! ጥቃቅን ጥቃቅን ሆኖ ግራና ቀኝ የተደረደረ፣ ረጭተህ ስታነሳው ጥልፍ የተጠለፈ ይመስላል። ለከሰል ብቻ ሲያዩት ያሳዝነኛል። ይሄ የራሴ ግኝት ስለሆነ ትንሽ ልኩራበት።

ናሙናውን ያየ አንድ መስሪያ ቤት ለ2015 እንቁጣጣሽ 200 ካርድ አዘዘኝ፣ አንዱ በ35 ብር፣ 7000 ብር ማለት ነው። የግዥ ሰራተኛው ሶስት ፕሮፎርማ ካልመጣ አይሆንም አለኝ። "ጌታዬ፣ ይሄን የሚሰራ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ የለም እኮ" ብለው "ከሌለ አንተም የለህም" ብሎኝ እርፍ። ሁለት ማተሚያ ቤት ሄጄ የማይሰሩትን ነገር ዋጋ ፃፉልኝ ብዬ ለመንኩ፣ ስቀውብኝ ፃፉልኝ። ይሄ ሶስት ቀን በላ። የነዚህ ሶስት ቀናት ነገር የቆጨኝ ኋላ ነው።

እቃውን ሱቅ ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ ልስራው አልኩ። ለመስኮት የሚሆነውን የትንኝ መረብ ገዛሁ፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ሲፈተግ ይረግባል፣ ብናኝ ሳይሆን ጠብታ ነው የሚጥለው። አንድ ማታ ጓዳ ገብቼ ውሃ ስጠጣ ግድግዳው ላይ የእማዬ የዱቄት ወንፊት ተሰቅሏል። የሽቦ ነው፣ ደቃቅ፣ ውጥር ያለ። እማዬ ደግሞ ለተዝካር ብቸና ሄዳለች። ከዚህ በኋላ ያደረኩትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል፣ በመቀስ ቆረጥኩት። እናቴ ለስንት ዓመት ለድፎ ዳቦዋ ዱቄት የነፋችበትን ወንፊት ቆርጬ፣ ለጥልፍ ጨርቅ የሚወጠርበት ክብ እንጨት ላይ ወጥሬ፣ እጀታ መታሁበት።

እና ሰራ! የመጀመሪያው ማታ 60 ካርድ ጨረስኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሰርቼ አላውቅም። ቢጫው ዱቄት ነው የሚመስለው። ደስ ብሎኝ ወንፊቱን ሳላጥብ ተኛሁ፣ ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው፣ ጠዋት ስነሳ ቀዳዳው ሁሉ ደርቆ ተደፍኗል። እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት፣ ልብ በሉ። የብረት ታፔላ የምፍቅበት የሽቦ ብሩሽ አነሳሁና ወንፊቱን ግራና ቀኝ ሞለጭኩት። ደፈኑ ለቀቀ፣ ሽቦው አብረቀረቀ፣ በውሃ አለቅልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ራሴን ጎበዝ አልኩ።

በዛ ቀን ሌላ 70 ሰራሁ። ነሐሴ ነው፣ የማርቆስን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ብርዱ፣ ጉሙ፣ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ምንም ነገር አይደርቅም። ካርዶቹን አልጋ ላይ፣ ወለል ላይ፣ የመሶቡ ክዳን ላይ ሳይቀር ዘርግቼ መደብ ላይ ተኛሁ። ማታ ሳያቸው ንፁህ ናቸው። ጠዋት ስነሳ ሁሉም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ። ሁሉም ላይ! ደቃቅ ናት፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል፣ ግን ዙሪያዋን ቀይ ጥላ አላት፣ ነጩ ቅጠል ላይ ደግሞ አፍጥጣ ነው የምትታየው።

መጀመሪያ ዝንብ ነው አልኩ። ፍሊት ነፋሁ። ከዛ ጣራው ነው የሚያንጠባጥበው አልኩና በዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ ምስማሩን ሁሉ በላስቲክ ደፈንኩ፣ ልሞት ነበር። ከዛ ቀለሙ የተበላሸ ነው ብዬ ሻጩ ጋ ሄጄ ተጣላሁ (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ አሁንም ዋጋ አይቀንስልኝም) አዲስ ገዝቼ ሌላ 70 ሰራሁ፣ ጠዋት ያው። 140 ካርድ። እየሰራሁ ወንፊቱን በየግማሽ ሰዓቱ በዛው በሽቦ ብሩሽ እያፀዳሁ ነው ይሄ ሁሉ፣ ማለት መርዙን በራሴ እጅ እየጨመርኩ። በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 60ዎቹ ጎን ላይ ተደርድረው ንፁህ እንደሆኑ እያየኋቸው አንድም ቀን "እነዚህ ለምን ዳኑ?" ብዬ አለመጠየቄ ነው። መልሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር።

የነገረኝ የሰፈራችን አናጢ ነው፣ ሁላችንም አያ የምንለው። ካርዱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጎ አየው፣ ከዛ "ብረት ነው" አለኝ።

"የምን ብረት አያ? ወረቀት እኮ ነው።"

"ወንፊትህን አምጣው እስኪ።" አመጣሁለት። ጣቱን አለፍ አለፍ አደረገበትና አሳየኝ፣ ጣቱ ጥቁር አቧራ ይዟል። "እኛ እንጨት በብረት ሱፍ ፈግፍገን ውሃ ያለው ቀለም አንቀባም። ብናኙ እንጨቱ ላይ ይቀርና ርጥበት ሲያገኝ በማግስቱ ይዝጋል፣ እንጨቱ ኩፍኝ የያዘው ነው የሚመስለው።"

በቃ ይሄ ነው ጉዱ። ርካሹ የወንፊት ሽቦ ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩን ዚንክ ተለብጦ ነው የማይዝገው። እኔ በሽቦ ብሩሽ ዚንኩን ገፈፍኩት። ከዛ በኋላ ብሩሽ ባሸሁበት ቁጥር በአይን የማይታይ የብረት ብናኝ ከቀለሙ ጋር አብሮ እየወረደ ነው። ማታ አይታይም ምክንያቱም ገና አልዛገም፣ በጋ ቢሆን ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ምናልባት ያመልጥ ነበር፣ በነሐሴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ስለሚያድር ብረቱ ተመቻችቶ ይዝጋል።

ጳጉሜ ገብቷል፣ አዲስ ለመስራት ብሪስቶሉም ጊዜውም የለም። 60ውን ንፁህና ከ140ው ውስጥ ነጥባቸው የማይጎላውን መርጬ ይዤ ሄድኩ፣ ለግዥ ሰራተኛው እውነቱንም ነገርኩት፣ 60 ይውሰዱና የ60 ይክፈሉኝ አልኩ። ሰውየው አንዷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "ዝንብ ያረፈበት ነው እንዴ?" አለኝ። ንፁሁንስ? "ውሉ 200 ነው የሚለው፣ 200 ካልገባ ሞዴል 19 (የእቃ ገቢ ደረሰኝ) አይቆረጥም፣ ሞዴል 19 ካልተቆረጠ ክፍያ የለም።" ፕሮፎርማ እያለ ሶስት ቀን ባያሯሩጠኝ ኖሮ እኮ ለመድገም ጊዜ ነበረኝ፣ ይሄን ልለው ፈልጌ ዋጥኩት። ስወጣ ጠራኝና ከንፁሁ አምስት "ለናሙና" አስቀረ። ከበዓል በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቢሮው ስገባ አንዷ ጠረጴዛው መስታወት ስር ተጋድማለች። ዲከረንሷ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ሞዴል 19 ሳይቆረጥላት።

የቀሩትን 55 በበዓሉ ዋዜማ ገበያ አጠገብ ቆሜ በ40 ብር ሸጥኩ፣ ከሰዓት በፊት አለቁ። ከመስሪያ ቤቱ ዋጋ በላይ! ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

አሁን ልትሞክሩ ለምታስቡ፣ ወንፊት ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ያዙ። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ጀርባ ይወጣል። ሽቦው ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ብረት ነው፣ ተዉት። እኔ አሁን የምሰራው በማይዝግ የሻይ ማጥለያ ነው፣ እጀታ አለው፣ ፍሬም አለው፣ ተሰርቶ ያለቀ እቃ እያለ ነው እኔ ወንፊት የቆረጥኩት። ቪዲዮዎቹ ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥኑት ይላሉ፣ አትስሟቸው፣ የቀጠነ ቀለም ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ዱብ ነው የሚለው። እንደ እርጎ ይሁን፣ ብሩሹን ካስነካችሁ በኋላ ደግሞ ጨርቅ ላይ ጠረግ አድርጉት፣ የደረቀ ነው እስኪመስላችሁ። የመጀመሪያዋ ፍትጊያ ሁልጊዜ ትልልቅ ጠብታ ስለምትጥል ውዳቂ ወረቀት ላይ ትሁን። ከወረቀቱ ከ10 እስከ 20 ሳንቲም ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀረብ፣ ዳር ላይ ራቅ። ሲደፈን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከዛ በጨርቅ አድርቃችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ። የሽቦ ብሩሽ የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ አይግባ። አንድ የቴክኒክ አስተማሪ በቲነርና በዘይት ቀለም ስራው፣ ውሃ ከሌለ አይዝግም ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ ግን ብሪስቶሉ ዘይት ይጠጣና ጠርዙ ይቀባል፣ ቤቱም ሳምንት ይሸታል፣ አልመክርም።

እማዬ ከብቸና የመጣችው በጳጉሜ 4 ነው። ዱቄቱን አውርዳ፣ እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች፣ ምስማሩን ብቻ አገኘችው። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዛ እግሬ ስር ያለውን የጥልፍ ክብ። "አንተ ልጅ" አለች፣ ሌላ ምንም አላለች፣ እሱ ነው የከፋው። የዛ ዓመት ዳቦ ከጎረቤት በተዋስነው ወንፊት ነው የተጋገረው። ከካርዱ ብር አዲስ ገዛሁላት፣ የማይዝገውን፣ ማግኔት ይዤ ሄጄ። እሷ ግን ግድግዳው ላይ አልሰቀለችውም። ሳጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር ቆልፋበታለች፣ ቁልፉ ደግሞ ማተቧ ላይ ነው የታሰረው።