ፕሮሰስን ከውጭ ማንበብ፦ ከፒትሬስና ከክሪዩ ጋር ያሳለፍኩት ክረምት

የሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ስለ እያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የሚይዛቸውን ቅንብሮች ለዲበገሮች (ለስህተት መፈለጊያ መሣሪያዎች) እና ለቼክፖይንት መሣሪያዎች (የፕሮሰስን ሁኔታ አስቀምጠው በኋላ ለሚያስነሡት) የሚገልጥበትን መንገድ በዚህ ክረምት ሳጠና ቆይቻለሁ፤ እስካሁን የደረስኩበትንም አብረውኝ ለሚማሩት ለማካፈል ይህን ጽፌያለሁ። ወደ ጉዳዩ የሳበኝ የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ኮዬ ፈጬ ከሚገኘው ቤቴ ሆኜ ለአንድ የውሃ መሐንዲስ ጓደኛዬ የአቃቂን ወንዝ የጎርፍ ስሌት አስኬዳለሁ። ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ በመሆኑ መብራት በጠፋ ጊዜ የላፕቶፑ ባትሪ እስከ ፍጻሜው አያደርሰውም፤ ፕሮግራሙም የደረሰበትን ሁኔታ በፋይል አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያው የመቀጠል ችሎታ አልተሰጠውም። ስለዚህ የቀረኝ አማራጭ ፕሮግራሙን ሳልነካ በሥራ ላይ ያለውን ፕሮሰስ እንዳለ ከውጭ አቁሞ ወደ ዲስክ መገልበጥ፣ በኋላም ካቆመበት ማስነሳት ነበር።

ለዚህ ሥራ በሊነክስ ላይ የታወቀው መሣሪያ ክሪዩ ነው። ከእርሱ በፊት ቼክፖይንትን ሙሉ በሙሉ በከርነሉ ውስጥ ለመሥራት የቀረበ ሰፊ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በግዝፈቱና በውስብስብነቱ ምክንያት ወደ ዋናው ከርነል ሳይገባ ቀረ። በ2011 ፓቬል ኤሜልያኖቭ ያቀረበው ሐሳብ አቅጣጫውን ቀየረው፦ ዋናው ሥራ ከከርነሉ ውጭ በተራ ፕሮግራም ይሠራ፣ ከርነሉም መሣሪያው መልስ ያጣባቸውን ጥያቄዎች ብቻ እየመለሰ ያግዝ የሚል ነው። ይህ ውሳኔ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ጥያቄ ይዞ መጣ። ፕሮሰሱ ያለውን ነገር ሁሉ ከውጭ ማወቅ ካስፈለገ፣ ከርነሉ በውስጡ የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ቅንብር የሚነበብበት በር ሊኖረው ይገባል። ማስቀመጥ እንጂ ማንበብ የማይቻልበት ቅንብር ለዲበገር ስውር ነው፤ ለቼክፖይንት ደግሞ ቤት ሲለቀቅ በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ እንደቀረ ዕቃ ነው፤ መጥፋቱ የሚታወቀው በአዲሱ ቤት ሲፈለግ ብቻ ነው።

ጥናቴን የጀመርኩት ሁላችንም ከምናውቀው፣ ከርነሉ ስለ ፕሮሰሶች ያለውን መረጃ በፋይል መልክ ከሚያሳይበት ከፕሮክ የፋይል ሥርዓት ነበር። የአንድ ፕሮሰስ የስታተስ ፋይል የታገዱትን፣ ችላ የተባሉትንና በፕሮግራሙ የሚያዙትን ሲግናሎች (ለፕሮሰስ የሚላኩ አጫጭር ማሳወቂያዎች) በቢት ጭንብል መልክ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቢት አንድ ሲግናልን በሚወክልበት ቁጥር፣ ያሳያል፤ የፕሮሰሱን ልዩ ሥልጣኖች፣ የሴክኮምፕ (ከርነሉን የሚጠይቅባቸውን ጥሪዎች የሚገድበው ጥበቃ) ሁኔታውንና እንዲሠራባቸው የተፈቀዱለትን ሲፒዩዎችም ይገልጻል። የማፕስ ፋይል የሜሞሪውን አቀማመጥ ሲሰጥ፣ የስታት ፋይል ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዓምዶቹ የዳታው ክፍል፣ የሂፑ፣ የትእዛዝ ቃላቱና የአካባቢ ተለዋዋጮቹ የሚጀምሩባቸውን አድራሻዎች ይይዛል። እነዚህ የአድራሻ ዓምዶች ግን ለማንኛውም ጠያቂ አይገለጡም፤ ፕሮሰሱን የመመርመር ፈቃድ ለሌለው ሰው ከርነሉ በቦታቸው ዜሮ ይጽፋል። መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ ምክንያቱም ስህተት ሳይመለስለት የተሳሳተ ቁጥር ይደርሰዋል።

ፕሮክ ብዙ ቢናገርም ሁሉንም አይናገርም። ለምሳሌ አንድ ሲግናል በፕሮግራሙ እንደሚያዝ ይነግረናል እንጂ የሚይዘው ፈንክሽን በየትኛው አድራሻ እንዳለ አይነግረንም። በሰልፍ የሚጠብቅ ሲግናል እንዳለ ያሳያል እንጂ ሲግናሉን ማን እንደላከውና ምን መረጃ እንደያዘ አይገልጽም። ለሁለተኛው ጥያቄ ከርነሉ ከ3.10 ስሪት ጀምሮ በፒትሬስ (አንድ ፕሮሰስ ሌላውን ይዞ በሚመረምርበት የከርነል ጥሪ) በኩል ሰልፉን ሳያፈርሱ የሚያነቡበትን ጥሪ ጨምሯል። ለመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ የተለመደው መልስ ፕሮሰሱ ራሱን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ክሪዩ ፕሮሰሱን በፒትሬስ ያቆመውና ትንሽ ኮድ በሜሞሪው ውስጥ ያስገባል፤ ያ ኮድ በፕሮሰሱ ስም ሲስተም ኮሎችን (ለከርነሉ የሚቀርቡ ጥሪዎችን) እየጠራ መልሱን ያወጣል፤ ሥራው ሲያልቅም ይወገዳል። ይህ እጅግ ብልህ ዘዴ ቢሆንም በሰው ቤት ውስጥ መግባት ስለሆነ ጥንቃቄው ከባድ ነው፤ እኔም ቀጥተኛ ጥሪ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀጥተኛው ጥሪ ይሻላል የሚል አቋም ይዣለሁ።

ስለ አቋቋሙ ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞው የፒትሬስ ጥሪ፣ አታች የሚባለው፣ ዒላማውን ለማቆም እውነተኛ የማቆሚያ ሲግናል ይልክበታል፤ ይህም ልንመለከተው የፈለግነውን የሲግናል ሁኔታ ራሱን ይነካል። ሲዝ የሚባለው አዲሱ ጥሪ ከ3.4 ስሪት ጀምሮ ያለ ሲሆን ሲግናል ሳይልክ ፕሮሰሱን ይይዛል፤ ማቆሙ ለብቻው በሌላ ጥሪ ይፈጸማል። ለቼክፖይንት የሚሆነው ይኸኛው ነው። በኡቡንቱ ላይ የምትሞክሩ ደግሞ ያማ የተባለው የደኅንነት ሞጁል ልጃችሁ ያልሆነን ፕሮሰስ እንዳትይዙ በመደበኛ ቅንብሩ እንደሚከለክላችሁ አስቀድማችሁ ዕወቁ። ክልከላውን ከማንሳት ይልቅ ዒላማውን ከራሱ ከመሣሪያው አስነሥቶ መሞከርን እመርጣለሁ፤ በዕለት ሥራ በምጠቀምበት ማሽን ላይ ጥበቃን ማላላት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት አርሴክ ለሚባለው ቅንብር ነው። አርሴክ በ2018 ከ4.18 ስሪት ጋር ወደ ከርነሉ የገባ ሲሆን፣ አንድ ትሬድ (በፕሮሰስ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) በአንድ ሲፒዩ ላይ የሚሠራውን አጭር ሥራ ያለ ቁልፍና ያለ አቶሚክ (ከመሃል የማይከፈል) ትእዛዝ በፍጥነት እንዲያከናውን ያስችለዋል። ትሬዱ በሜሞሪው ውስጥ ያለን አንድ ቦታ ለከርነሉ ያስመዘግባል። ከርነሉም ትሬዱ አሁን በየትኛው ሲፒዩ ላይ እንዳለ በዚያ ቦታ ላይ እየጻፈ ያድሳል። ትሬዱ ወሳኝ በሆነው የኮድ ክፍል ውስጥ ሳለ ከሲፒዩው ከተነሳ፣ ወደ ሌላ ሲፒዩ ከተዛወረ ወይም ሲግናል ከደረሰው፣ ከርነሉ ሥራውን ከመሃል እንዲቀጥል አይፈቅድለትም፤ አስቀድሞ ወደ ተመዘገበው የማቋረጫ አድራሻ ይልከዋል፤ ትሬዱም ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

የምዝገባው ጥሪ የቦታውን አድራሻ፣ መጠኑን፣ ባንዲራዎቹንና የመለያ ፊርማውን (የማቋረጫው ኮድ ትክክለኛነት የሚለይበትን ቁጥር) ይቀበላል። ነገር ግን «የተመዘገበው ቦታ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥሪ አብሮት አልመጣም። ትሬዱ ራሱ እንኳ ይህን ከርነሉን መጠየቅ አይችልም፤ ሌላ ቦታ ለማስመዝገብ ቢሞክር ጥያቄው ተቀባይነት እንዳላገኘ ይነገረዋል እንጂ የቀድሞው የት እንዳለ አይነገረውም። በመሆኑም ከላይ ያነሣሁት ኮድን በፕሮሰሱ ውስጥ የማስገባት ብልሃት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ውስጥ ገብቶ የሚጠየቅ ጥያቄ የለምና።

ክፍተቱ የተሞላው በ2021 በወጣው በ5.13 ስሪት ነው። ፒትሬስ የአርሴክን ውቅር የሚመልስ አዲስ ጥያቄ ተጨመረለት፤ የተያዘና የቆመ ትሬድ ላይ ሲጠራ የተመዘገበውን አድራሻ፣ መጠኑን፣ ፊርማውንና ለወደፊት የተቀመጠ የባንዲራ ቦታን ያስረክባል። ምንም ካልተመዘገበ አድራሻው ዜሮ ሆኖ ይመለሳል። የከርነሉን ምንጭ ኮድ ስመለከት ፈንክሽኑ ከአሥር መስመር እምብዛም የማያልፍ ሆኖ ሳገኘው በእውነት ተደንቄያለሁ፤ በትሬዱ መዝገብ ውስጥ ያሉትን እሴቶች አንሥቶ ወደ ጠያቂው ሜሞሪ ከመገልበጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ቁም ነገሩ ያለው በአቀራረቡ ላይ ነው። ጠያቂው የራሱን መዋቅር መጠን ይዞ ይመጣል፤ ከርነሉ ከሁለቱ መጠኖች ያነሰውን ያህል ብቻ ይገለብጥና የራሱን ሙሉ መጠን በመልስነት ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ነገ አዲስ መስክ በመጨረሻው ላይ ቢታከል፣ ዛሬ የተጻፈ መሣሪያ የሚያውቀውን ያህል አንብቦ ሳይሰበር ይቀጥላል፤ አዲስ መሣሪያም በአሮጌ ከርነል ላይ ሲሠራ ከተመለሰለት መጠን የጎደለውን ያውቃል።

ይህ ለጥቂት ስፔሻሊስቶች ብቻ የሚጠቅም ቢመስልም እንደዚያ አይደለም። በ2022 የወጣው የጂሊብሲ (አብዛኞቹ የሊነክስ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) 2.35 ስሪት እያንዳንዱ ትሬድ ሲነሣ አርሴክን በራሱ እንዲያስመዘግብ አደረገ። ኡቡንቱ 22.04 ይህንኑ ስሪት ይዞ ስለመጣ፣ በእርሱ ላይ የሚሠሩ ተራ ፕሮግራሞች ጸሐፊዎቻቸው ስሙን ባይሰሙት እንኳ ይህን ቅንብር ይዘው ይሠራሉ። የጎርፍ ስሌቱም እንደዚሁ ነው። ምዝገባው ሳይታደስ የተነሣ ፕሮሰስ ምን እንደሚገጥመው አስቡት፦ የተመዘገበው ቦታ ከነይዘቱ ከሜሞሪው ጋር ተመልሷል፤ ነገር ግን አዲሱ ከርነል ስለ ቦታው ስለማያውቅ አያድሰውም። ጂሊብሲ «በየትኛው ሲፒዩ ላይ ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚያው ቦታ አንብቦ ስለሚመልስ፣ ፕሮግራሙ ቼክፖይንቱ በተወሰደበት ሰዓት የነበረውን የሲፒዩ ቁጥር ለዘለዓለም ይቀበላል። አይወድቅም፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። እንዲህ ያለው ዝምተኛ ብልሽት ወድቆ ከሚታየው ይልቅ እጅግ ያሳስበኛል።

ክሪዩ አርሴክን መደገፍ የጀመረው ከ3.17 ስሪቱ ነው፤ ኮዱን ከፍቼ ሳነብም ከአድራሻው ባሻገር ሁለት ጥንቃቄዎችን አገኘሁ። የመጀመሪያው ትሬዱ በወሳኙ ክፍል ውስጥ ሳለ ከቆመ የሚደረገው ነው። የተነሣው ፕሮሰስ በሌላ ሲፒዩ፣ ምናልባትም በሌላ ማሽን ላይ ሊሆን ስለሚችል ከመሃል መቀጠሉ ስህተት ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ከርነሉ ያደርገው የነበረውን ራሱ ያደርግና ትሬዱን ወደ ማቋረጫው አድራሻ ያዞረዋል። ሁለተኛው መልሶ የሚያስነሣውን የክሪዩን ፕሮሰስ ራሱን ይመለከታል። እርሱም በጂሊብሲ የተገነባ ስለሆነ የራሱ ምዝገባ አለው፤ መልሶ ማስነሣቱ ግን የራሱን ሜሞሪ አንሥቶ የዒላማውን ማስፈርን ይጠይቃል። የራሱን ምዝገባ አስቀድሞ ካልሰረዘ ከርነሉ በተወገደ ሜሞሪ ላይ ለመጻፍ ይሞክርና ፕሮሰሱ ይገደላል።

ከንባቡ ጎን ለጎን በሲ ቋንቋ አንድ ትንሽ መሣሪያ ጽፌያለሁ። ለተሰጠው የፕሮሰስ ቁጥር ሁሉንም ትሬዶች ከፕሮክ ውስጥ ካለው የታስክ ማህደር ያወጣል፤ አንድ በአንድ በሲዝ ይይዛቸዋል፤ ያቆማቸዋል፤ የአርሴክ ውቅራቸውን አንብቦ ከማፕስ ፋይሉ ጋር በማስተያየት አድራሻው በየትኛው የሜሞሪ ክፍል እንደሚያርፍ ያትማል። ውቅሩ የትሬድ እንጂ የፕሮሰስ አለመሆኑን በዓይን ማየት ከማንበብ ይልቅ ግልጽ አድርጎልኛል፤ እያንዳንዱ ትሬድ የተለየ አድራሻ ሲኖረው ፊርማው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ፕሮግራሙ በጂሊብሲ ቅንብር አርሴክ ተዘግቶበት ሲነሣ አድራሻዎቹ ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ፤ መሣሪያው በትክክል ማንበቡን ያረጋገጥኩትም በዚህ ነው። ስሌቱንም አሁን ክሪዩ ፕሮሰሱን ሳይገድል ቅጂ በሚወስድበት አማራጭ ሌሊት በየተወሰነ ሰዓቱ አስቀምጠዋለሁ፤ መብራት ቢጠፋና ባትሪው ቢያልቅ ከመጨረሻው ቅጂ አስነሣዋለሁ። ስሌቱ ከፍቶ የሚጽፋቸው ፋይሎች ቅጂው በተወሰደበት ሰዓት የነበራቸውን መጠን ይዘው መገኘት ስላለባቸው፣ ከቅጂው ጋር እነርሱንም አብሬ አስቀምጣለሁ።

በመንገዴ ላይ ያገኘሁትን አንድ ሌላ ንድፍ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከርነሉ ምስጢሩን ሳያወጣ እንዴት ሊመልስ እንደሚችል ያሳያልና። ሁለት ፕሮሰሶች አንድ የተከፈተ ፋይል ይጋሩ እንደሆነ ማወቅ ለቼክፖይንት ግድ ነው። ቀላሉ መንገድ የከርነሉን የውስጥ አድራሻ መስጠት ነበር፤ ነገር ግን ያ ለአጥቂ ትልቅ ስጦታ ይሆናል። በ3.5 ስሪት የገባው የማነጻጸሪያ ጥሪ አድራሻውን ሳያሳይ እኩል ናቸው፣ ይህ ያንሳል ወይም ይበልጣል ብሎ ብቻ ይመልሳል፤ ቅደም ተከተሉም ከእውነተኛው አድራሻ ጋር እንዳይገናኝ የተሰወረ ነው። መሣሪያው በዚህ መልስ ብቻ ብዙ ፋይሎችን ደርድሮ የተጋሩትን ይለያል።

አሁን የጀመርኩት ቀጣይ ርዕስ በ5.11 ስሪት የገባው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊነክስ ላይ እንደሚያስኬደው እንደ ዋይን ላሉ ፕሮግራሞች ታስቦ ሲስተም ኮሎችን ወደ ተጠቃሚው ኮድ የሚመልሰው ስልት ነው። የአርሴክ ታሪክ እዚህም ተደግሟል፤ ማስቀመጫው ቀድሞ ሲመጣ ማንበቢያው በፒትሬስ በኩል የተጨመረው በ6.4 ስሪት ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ከማንበቢያው ጋር ከውጭ ማስቀመጫም አብሮ መግባቱ ነው፤ ክሪዩ በፕሮሰሱ ውስጥ የሚያስገባው ኮድ የሚጠራቸው ሲስተም ኮሎች ራሳቸው በዚሁ ስልት ሊጠለፉ ስለሚችሉ፣ መጀመሪያ አጥፍቶት በመጨረሻ መመለስ ይኖርበታል። የላፕቶፔ ከርነል ከዚያ ስሪት የቆየ በመሆኑ አዲስ ከርነል በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እያስነሣሁ መሣሪያዬ ይህንንም ውቅር እንዲያነብ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ከእናንተ መካከል የአርም ፕሮሰሰር ያለው ማሽን የምትጠቀሙ ካላችሁ የአርሴክ ንባቡን በእርሱ ላይ ብትሞክሩልኝ ትልቅ እገዛ ይሆነኛል፤ ፊርማው በፕሮሰሰሩ ዓይነት ስለሚለያይ የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ማየት እፈልጋለሁ።