«ወደ ማዶ ያዞርከው አንተ ነህ»

እናቴ የማጠናውን ነገር ለጎረቤት ባታብራራ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቡና ላይ፣ «ልጄ እኮ ኤሌክትሪክ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስን ነው» ብላ አረፈችው። ውሸትም አይደለም። የማስተርስ ጽሑፌ ከአንዲት ሞለኪውል ዳዮድ ስለመሥራት ነው፤ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ አሳልፎ በሌላው የሚከለክል። የምሠራው ግን ላፕቶፕ ላይ፣ በስሌት። ቤታችን አምፖል የምትቀይረው እህቴ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። መሄዱስ ብርቅ አይደለም፤ የሄደው ከእኛ ረድፍ ብቻ መሆኑ እንጂ። ማዶ ያለው ወፍጮ ያጓራል። ከመብራት መስመሮቹ አንዱ (ፌዝ የሚሉት) ጠፍቶ ይሆናል። እትዬ ዘሀራ ግን ሊጥ በሊጥ በሆነ እጃቸው ከች አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልንህ? ያሰፋሁት እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ወደ ማዶ ታዞረው?»

«ኧረ እትዬ፣ የእኔ ሥራ በዓይን እንኳ አይታይም!»

«እሱማ ቢታይ መች ትደፍር ነበር!»

ላፕቶፔን ከፍቼ የሞለኪውሏን ሥዕል አሳየኋቸው። «ተስቢህ ናት?» አሉ። ሐሳቡን በፈረንጆቹ 1974 ያወጡት አቪራምና ራትነር የሚባሉ ሰዎች መሆናቸውን ነገርኳቸው፤ አንዱ ጫፍ ኤሌክትሮን ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ፣ መሃል ላይ ሁለቱን የሚለያይ ድልድይ።

እትዬ ወፍጮውን አዩ፤ መንገዱን አዩ። «ሰጪ እኛ፣ ተቀባይ እነሱ፣ ድልድዩ አስፋልቱ። ገባኝ።»

ሰው ተሰብስቧል። እኔም እልህ ያዘኝና ወደ 2015 ተሻገርኩ፦ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላታ ቬንካታራማን ቡድን መጠናቸው የተለያየ ሁለት የወርቅ ጫፎች መሃል አንዲት ሞለኪውል አስገብቶ፣ ዙሪያዋን አዮን የሚባሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ባሉበት ፈሳሽ ከቦ፣ ወዲያ የሚያልፈው ወዲህ ከሚመለሰው ከ200 እጥፍ በላይ እንዲሆን አደረገ።

«ያ ረቢ! ወርቅም አለበት?» አሉ እትዬ። «እሺ 200ው ለእነሱ ይሁን፤ የእኛ አንዷስ የት ገባች?»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እውነት ነው!» አለ። በንዴት ላፕቶፔን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ወዲያው ፍሪጁ ጓ! ብሎ ተነሣ፤ መብራት መጣ።

«አላልኳችሁም? ስትመጠው የቆየችው ይቺው ናት!»

አሁን መብራት በሄደ ቁጥር የሰፈሩ ውሪ በራችንን ይደበድባል። «ዝጋት! እትዬ ዘሀራ ሊጥ አሰፍተዋል!»