ዲስኩ አልተጣመመም

ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ባዶ ከሆነ ትንሽ ነው፤ የማያውቅ ሰው መንገዱ ነው ይላል። ተጎታች ስጎትት ግን ወንበሩ ሳይቀር ይርገበገባል። ከ90 ወደ 60 ስወርድ ይብሳል፣ ከ40 በታች ይጠፋል። ያናደደኝ መንቀጥቀጡ አይደለም። ያናደደኝ የፊት የፍሬን ዲስኮቹ፣ ከጎማው ጋር እየዞሩ ፍሬን ሲያዝ የሚጨበጡት ክብ ብረቶች፣ ገና የአምስት ወር መሆናቸው ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩትንም ያወጣኋቸው በዚሁ ጠባይ ነበር።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ዲስኩ ግሎ ተጣሟል፣ ቀይረው።» ቀየርኩ። ተመለሰ። እንደገና ቀየርኩ። አሁንም ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ ዲስክ ይዤ መኪናው ስር ልገባ ስል ታናሽ ወንድሜ፣ «አንተ ግን የምትቀይረው ዲስክ ነው ወይስ የዘይት ፊልትሮ?» አለኝ። ቀልዱ ቆጠቆጠኝ። ዲስኩን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። መጀመሪያ ልለካ አልኩ።

መኪናው በየጎማው ስምንት ዳዶ፣ ማለትም የጎማ ማጥበቂያ፣ ያለው ከባድ ፒክአፕ ነው። ሲሞላ 4,500 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ክብደት ፍሬን ላይ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር። 4,500 ኪሎ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የያዘው ጉልበት 1.7 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ሲቆም ይህ ሁሉ የትም አይጠፋም፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ዲስኮቹ ውስጥ ይገባል። አራቱ ዲስኮች አንድ ላይ 60 ኪሎ ይመዝናሉ ብንል፣ አንድ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ ማቆም ብቻ ሁሉንም በ60 ዲግሪ ያህል ያሞቃቸዋል። የፊቶቹ ደግሞ ከድርሻቸው በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ «ግሎ ነው» የሚሉኝን ሰዎች ማመኔ ሞኝነት አልነበረም።

ዲስክ ላይ የሚለኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ነው ወይ የሚለው ነው። ሌላው ሲዞር ይወላገዳል ወይ የሚለው ነው። ሰው «ተጣሟል» ሲል ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

በውፍረቱ ጀመርኩ። ማይክሮሜትር፣ ቀጭን ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ፣ ተውሼ የቀኙን ዲስክ ስምንት ቦታ ላይ ለካሁ። በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል 0.04 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘሁ። ግማሽ ፀጉር ቢሆን ነው። በዐይን አይታይም፣ በጣት አይያዝም። የካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል፣ ፒስተን ግን ያውቀዋል። ወፍራሙ ቦታ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሀል ባለፈ ቁጥር ፒስተኑን ይገፋዋል። ግፊቱ በፍሬን ዘይቱ በኩል እግሬ ድረስ ይመጣል፣ ጎማው በየዙሩ አንዴ ጠንከር አንዴ ላላ እያለ ይያዛል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ቀጥሎ መወላገዱ። ለዚህ ዳያል ጌጅ የሚባለው፣ ሰዓት የሚመስል መለኪያ አለ። መጀመሪያ ዲስኩን በስምንቱም ዳዶ ከነዝርግ ሮንዴላቸው አጥብቄ አሰርኩት፤ ላላ ካለ ንባቡ ውሸት ነው። የመለኪያውን ጫፍ ከዲስኩ ጠርዝ ትንሽ ገባ አድርጌ አስጠጋሁና ዲስኩን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። መርፌዋ ሄዳ ተመለሰች። 0.14 ሚሊ ሜትር። የመኪናው መጽሐፍ የሚፈቅደው 0.05 ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ «ይኸው፣ ተጣሟል» ብዬ አዲሱን እገጥም ነበር። ግን አንድ ሙከራ ቀርቶኝ ነበር፣ ያውም ጠመኔ ብቻ የሚጠይቅ። መርፌዋ ከፍ የምትልበትን ቦታ ዲስኩ ላይም፣ ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የመሀል ብረት ማለትም ሞዞው ላይም በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ዲስኩን አውጥቼ፣ ሁለት ቡሎን ያህል አዙሬ መልሼ አሰርኩት። እንደገና ለካሁ። ችግሩ የዲስኩ ከሆነ ከፍታው ከዲስኩ ጋር አብሮ መዞር አለበት። አልዞረም። እዚያው የሞዞው ምልክት ጋ ቁጭ ብሏል።

ወይ ጉድ! ሁለት ጥንድ ዲስክ።

ሞዞውን በባትሪ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል፣ ዝገት እንደ ቅርፊት ተጋግሯል። ዲስክ በቀየርኩ ቁጥር አሮጌውን አውጥቼ፣ አዲሱን እዚያ ዝገት ላይ ሰክቼ፣ ጎማውን አጥብቄ ሄጃለሁ። ቅርፊቷ 0.07 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ነገር ግን ዲስኩ ከሞዞው ፊት እጥፍ ይሰፋል፣ ስለዚህ እሷ የፈጠረችው ዘመም ማለት ጠርዝ ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ ለምን መጀመሪያ አይንቀጠቀጥም? እኔን ለሁለት ጊዜ ያታለለኝ ይህ ነው። የሚወላገድ ዲስክ ውፍረቱ እኩል እስከሆነ ድረስ እግር ላይ ብዙም አይሰማም፤ ካሊፐሩ አብሮት ወዲያ ወዲህ ይላል። ግን ፍሬን ሳይያዝ ስትነዱ፣ ያ የወጣ ቦታ በየዙሩ ሸራውን ነካ እያደረገ ያልፋል። ነካ ባደረገ ቁጥር ወይ እሱ ትንሽ ይበላል፣ ወይ የሸራው ዱቄት ይለጠፍበታል። በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ውስጥ ውፍረቱ ይለያያል። ያኔ ነው መሪው የሚጀምረው። ለዚህ ነው አዲስ ዲስክ ገጥሞ ለወራት ደህና የሆነ ሰው «ዕቃው ርካሽ ነው» ብሎ ዕቃውን የሚራገመው። እኔም ረግሜያለሁ።

ወደ ሥራው። ዳዶዎቹን ላላ ያደረግኋቸው ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፌ፣ በክሪክ አንስቼ፣ የብረት መቆሚያ ላይ አስቀመጥኩት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጅም ቢሆን አይገባም፣ በተለይ እንደዚህ ያለ ከባድ። ካሊፐሩን ፈትቼ በሽቦ ሰቀልኩት። በራሱ ቱቦ ተንጠልጥሎ ከተተወ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ደህና ይመስላል። የካሊፐሩ መያዣ ቡሎኖች ጉድ ናቸው። ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር የብረት ቧንቧ አስረዝሜ ነው እሺ ያሉኝ።

በዝገት የተጣበቀ ዲስክን ብዙ ሰው በመዶሻ ይጨርሰዋል። ከመምታታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዳሉ እዩ። ብዙ ዲስኮች አሏቸው። ልካቸው የሆነ ሁለት ቡሎን አስገብታችሁ ተራ በተራ ስታጠብቁ ዲስኩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። እግራችሁን ብቻ ጠብቁ፤ የኔው አንዱ ዲስክ ከ15 ኪሎ በላይ ነው።

የሞዞው ጽዳት ብቻውን ለአንድ ጎን አንድ ሰዓት ፈጀ። የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቡሎኖቹ ሥር ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልዬ። ሞላ፣ ብረት የሚፍቀውን ማሽን፣ ላስነሳ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ሞላ ዝገትና ብረት አይለይም፤ ዝገቱን አወጣለሁ ብዬ ሞዞውን ጎድጓዳ ባደርገው ሌላ ጣጣ ነው። ብረቱ ሲያበራ ሙቀት የሚችል ቅባት እንደ ላብ ስስ አድርጌ ቀባሁት፣ ቡሎኖቹን ሳልነካ።

አዲሶቹ ዲስኮች ቀዳዳም ጭረትም የሌላቸው ልሙጦች ናቸው። የተበሳሳው ያምራል፣ አልክድም። ግን ብዙ ጭነትና ሙቀት ላይ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው። እኔ የምፈልገው ሙቀት የሚሸከም ብረት ነው፣ ብረቱን በስተው ያወጡልኝ ዘንድ አይደለም። ከካርቶን ሲወጡ እንዳይዝጉ ዘይት ተቀብተዋል፤ በፍሬን ማጽጃ አጠብኳቸው። ሞዞው ላይ አስሬ ለካሁ። 0.03። ያን ቁጥር ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ አትሳቁ።

ሸራዎቹን ሳወጣ ሌላ ነገር አየሁ። የቀኙ የውስጥ ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ የውጩ 7። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት የታችኛው ፒን ደርቆ ተጣብቋል። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ ካሊፐሩ ግን ተንሸራቶ የውጩን መሳብ አልቻለም። ፒኑን አጽድቼ ለፍሬን የተሠራውን ግሪስ ቀባሁት። ተራ ግሪስ እዚህ አይገባም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ላስቲክ ደግሞ ፒኑን መልሶ ይይዘዋል።

ፒስተኑን ወደ ውስጥ ከመግፋቴ በፊት የአየር ማስወጫውን ቡሎን ፈታ አድርጌ ቀጭን ቱቦ ሰካሁበት። እዚያ የቆየው ዘይት ቆሻሻ ነው። ሳይፈታ ከተገፋ ወደ ኋላ፣ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ወደሚጠብቀው የኤቢኤስ ክፍል ይሄዳል። የወጣው ዘይት ሻይ መስሎ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ሲገዛ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ዘይት ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። አሁን በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ።

የኋላዎቹን በዚህ ዙር አልነካኋቸውም። እንዲህ ባሉ አንዳንድ ከባድ ፒክአፖች ላይ የኋላ ዲስክ ለማውጣት ሰሚያሱን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ መሳብ፣ ሞዞውን ከነኩሽኔታው ማውረድ ያስፈልጋል። የዲፈረንሻል ዘይት ይፈሳል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ፣ ፓራኦሊዮ፣ ይቀየራል። የራሱ ቀን የሚፈልግ ሥራ ነው።

ጎማዎቹን መልሼ በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ አጠበቅሁ፣ 190 ኒውተን ሜትር፣ በተቃራኒ በተቃራኒ። ቀደም ሲል በአየር ሽጉጥ ጥርርር እየተደረገ ነበር የሚታሰረው። አንዱ ዳዶ ከሌላው በጣም ከጠበቀ ዲስኩን እሱም ያወላግደዋል።

ከዚያ ወንድሜ መሪ ላይ ተቀምጦ፣ «ላውጣት?» አለ። «አውጣት» አልኩ። አስነስቶ ወደ ኋላ ለቀቃት። ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ለካ ፒስተኖቹን ገፍቼ ፔዳሉን ደጋግሜ መርገጥ ረስቻለሁ! በእጅ ፍሬን አቆማት፣ ከግንቡ ሁለት ክንድ ሲቀራት። አምስት ጊዜ ሲረግጠው ፔዳሉ ተመለሰ። የወንድሜ ቀለም ለመመለስ ትንሽ ቆየ።

ሸራና ዲስክ ለማላመድ ጭር ያለ መንገድ ወጣሁ። ከ60 ወደ 10 አሥር ጊዜ ያህል፣ ጠንከር አድርጌ ግን ጨርሶ ሳላቆም። የጋለ ሸራ ዲስክ ላይ ቆሞ ከቀረ ማኅተም ይተዋል። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ እስኪቀዘቅዝ ነዳሁ። 100 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሽኩ፣ ሁለቱ ትንሽ ዞሩ።

የአነዳድ ጠባዬም ተቀይሯል። ያን ስሌት ለቁልቁለት ሠርቼው ደነገጥኩ። ይህ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 22 ሜጋ ጁል ነው። ከ100 ተነስቶ አሥራ ሁለት ጊዜ በላይ እንደማቆም። አሁን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን እግር አስደግፌ አልወርድም፤ ያዝ አድርጌ ፍጥነቱን አወርድና እለቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። መሪው ዝም ብሏል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ሳዘዋውር ቀኙን ለካሁት፣ አሁንም 0.03።

የአምስት ወሮቹን አሮጌ ዲስኮች አልጣልኳቸውም። ዝቅተኛው ውፍረት ጀርባቸው ላይ ተጽፏል፣ 36.5 ሚሊ ሜትር። እነሱ አሁንም 37.6 ናቸው። በቶርኖ፣ ብረት እያዞረ በሚልጠው ማሽን፣ ትንሽ ቢላጡ ይሠራሉ። እስከዚያው አንዱ የመጋዘኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል።