ውሻ ሲነክስ ጥፋቱ የዝርያው ነውን?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት የገባ ሰው አጥሩን ካስጠገነና የብረት በሩን ካስቀየረ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ውሻ ነው። ድሮ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት አንድ የሀበሻ ቡችላ ለምኖ ማምጣት ይበቃ ነበር። አሁን ግን የሮትዋይለር፣ የጀርመን ሼፐርድና የፒትቡል ቡችሎች ፎቷቸው ከነዋጋቸው በቴሌግራም ተለጥፎ ስለሚሸጡ፣ ጥያቄው ውሻ መያዝ አለብኝ ወይ ከሚለው የትኛውን ዝርያ ልግዛ ወደሚለው ተሸጋግሯል። ከዚያም በውጭ አገር የተከለከሉ ዝርያዎች እንዳሉ የሰማ ሰው፣ በተለይ ልጆች ያሉት እንደሆነ፣ ይፈራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚፈራው ነገር ትክክለኛው መሆኑን አብረን ብንመረምር መልካም ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝርያን በስም ጠርቶ በመከልከል ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ተከታታይ ከባድ ጥቃቶች የሕዝብ ቁጣ ካስነሡ በኋላ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኬኔት ቤከር ያቀረቡት የአደገኛ ውሾች ሕግ ጸደቀ፤ በዚህ ሕግና በዚያው ዓመት በተከተለው ትእዛዝ ፒትቡል ቴሪየር፣ የጃፓኑ ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ ታገዱ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023፣ በስታፎርድሻየር አንድ ሰው በሁለት ውሾች ተነክሶ በሞተ ማግስት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ አሜሪካን ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለው ግዙፍ ውሻም እንደሚታገድ አስታወቁ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ውሻ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወንጀል ሆነ፤ ፈቃዱን የሚያገኘውም ውሻውን ያኮላሸ፣ ማይክሮቺፕ ያስገባለት፣ ጉዳት ቢያደርስ የሚከፍል መድን የገባ፣ በአደባባይም የአፍ መሸፈኛ አጥልቆና በገመድ ይዞ የሚወጣ ባለቤት ብቻ ነው።

የዚህ ሕግ አሠራር በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ኤክስ ኤል ቡሊ በአገሪቱ ዋና የውሻ ዝርያ መዝጋቢ ድርጅት ዘንድ እንደ ዝርያ የተመዘገበ አይደለም፤ ስለዚህም መንግሥት የውሻውን አባትና እናት ከመጠየቅ ይልቅ መልኩንና ቁመቱን ወደ መለካት ሄደ። ወንዱ እስከ ትከሻው 51 ሴንቲሜትር፣ ሴቷ 48 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሆነው የጭንቅላታቸው፣ የደረታቸውና የአንገታቸው ቅርጽ ከወጣው መግለጫ ጋር በእጅጉ ከተመሳሰለ የታገደው ዓይነት ናቸው ማለት ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱ ሁለት ቡችሎች አንዱ አድጎ ከልኩ በላይ ሲሆን ሌላው ከልኩ በታች ሊቀር ይችላል፤ ጠባያቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሕገ ወጥ፣ ሌላው ሕጋዊ ይሆናሉ። ደግሞም አራቱ ዓይነቶች ታግደው በኖሩባት አገር አምስተኛው መምጣቱ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። አስፈሪ ውሻ የሚፈልግ ሰው አንዱ ሲከለከልበት ሌላውን ይፈልጋል፤ ገበያውም ያዘጋጅለታል። በእኔ እይታ ከሕጉ ሁሉ የሚሻለው ስለ ዝርያ ምንም የማይናገረው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ ይህ አንቀጽ ማንኛውም ውሻ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሰውን ለአደጋ ካጋለጠ ባለቤቱን በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው ማሻሻያ በግል ግቢና በቤት ውስጥ የሚደርሰውንም ጥቃት እንዲጨምር ተደርጓል።

ዝርያ ምንም ለውጥ አያመጣም ብሎ መከራከር ግን እውነትን መሸሽ ነው። በአሜሪካ ከ1979 እስከ 1998 ባሉት ሃያ ዓመታት በውሻ ጥቃት የሞቱ 238 ሰዎችን ጉዳይ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ሞቶች ውስጥ የፒትቡል ዓይነት ውሾችና ሮትዋይለሮች እንደነበሩበት አግኝተዋል። ይህ ቁጥር በብዙ ክርክሮች ላይ ይጠቀሳል፤ ከዚሁ ጥናት ቀጥሎ የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። በእነዚያ ሞቶች ውስጥ ቢያንስ 25 የተለያዩ ዝርያዎች ተሳትፈዋል። በየዝርያው ስንት ውሻ እንዳለ ስለማይታወቅም የትኛው ዝርያ ከብዛቱ አንጻር ይበልጥ እንደሚገድል ማስላት እንደማይቻል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ጥቃቱ የት ደረሰ የሚለው ክፍል ነው፦ ሁኔታው ከታወቀባቸው ሞቶች 58 በመቶው የደረሱት በባለቤቱ በራሱ ቅጥር ውስጥ ባልታሰሩ ውሾች ነው፤ 17 በመቶው ደግሞ እዚያው በባለቤቱ ቅጥር ውስጥ በታሰሩ ውሾች ነው። በመንገድ ላይ ሲንከራተት አግኝቶ የገደለ ውሻ ከሩብ አይበልጥም። እኛ የምንፈራው የመንገዱን ነው፤ ሞት የበዛው ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ነው።

በዚያው አገር በኮሎራዶዋ ዴንቨር ከተማ በ1991 ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ውሾች ጋር ያነጻጸረው ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ዴንቨር ፒትቡልን ከ1989 ጀምሮ አግዳ ስለነበር ያ ዝርያ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሆኖም ውሻ መንከሱን አላቆመም። በዚያ ጥናት ጀርመን ሼፐርድ የመንከስ ዕድሉ ከሌሎች እጅግ ከፍ ብሎ የተገኘ ሲሆን ቻው ቻውም ይከተለዋል፤ ስለዚህ ዝርያ አንድ ምክንያት መሆኑ በዚያም ታይቷል። ነገር ግን ወንድ ውሻ ከሴት ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል፣ ያልተኮላሸው ከተኮላሸው ይልቅ 2.6 እጥፍ፣ በግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ደግሞ ካልታሰረው ይልቅ 2.8 እጥፍ የመንከስ ዕድል እንዳላቸው ተገኝቷል። ወንድ፣ ያልተኮላሸ፣ በሰንሰለት የታሰረ፦ ይህ የአዲስ አበባ የግቢ ውሻ ትክክለኛ መግለጫ ነው። ሴት ቡችላ ትወልድብናለች ተብላ ስለምትጣል በየግቢው ያለው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ማኮላሸት የተለመደ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ውሻው ሳይመጣ ቀድሞ ይገዛል። (ዴንቨር እገዳዋን በ2020 በሕዝብ ድምፅ አንሥታ በፈቃድ ተካችው።)

በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ፣ የብዙ ሺህ ውሾችን ጠባይ ከዘረመላቸው ጋር ያገናዘበ ሰፊ ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ማለት የአንድን ቡችላ ዝርያ አይቶ ነገ ምን ዓይነት ጠባይ ይኖረዋል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ማለት ነው። ነገር ግን ጠባይና ጉልበት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አምስት ኪሎ የማይሞላ ውሻ ቢቆጣ ቁርጭምጭሚት ይቧጭራል፤ አርባ ኪሎ የሚመዝን፣ የያዘውን እንዳይለቅ ለትግል ሲዳቀል ከኖረ ዘር የመጣ ውሻ ቢቆጣ ግን ትልቅ ሰው እንኳ ሊያላቅቀው ይቸገራል፤ ልጅማ ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የደረስኩበት አቋም ይህ ነው፦ ውሻው ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው አያያዙ ነው፤ ከነከሰ በኋላ ጉዳቱ ምን ያህል ይሆናል የሚለውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው አካሉ ነው። ይህን ይዤ ነው ትንንሽ ልጆች ላሉት፣ ቀኑን ሙሉ ለማይገኝና ውሻ አሠልጥኖ ለማያውቅ ቤተሰብ ፒትቡልም ሆነ ሮትዋይለር ፈጽሞ እንዳይገዛ የምመክረው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። እኛ ዘንድ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው፤ ጥበቃ ማለት ደግሞ ቁጣ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ቡችላው ገና ሲመጣ ጀምሮ እንዲቆጣ ተብሎ ይያዛል። ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ጆሮው በልጅነቱ ይቆረጣል። ሰው እንዳይለምድ እንግዳ እንዳይነካው ይደረጋል። ቀን ከቆርቆሮ ቤቱ አጠገብ በአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት ታስሮ ይውልና ማታ ይለቀቃል። የቡችላ አእምሮ ሰውን፣ ሕፃንን፣ እንግዳን፣ ድምፅን ያለ ፍርሃት የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው፤ እኛ ግን እነዚያኑ ወራት እንስሳው የሰውን ልጅ እንዲፈራና እንዲጠላ እናውላቸዋለን። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። የሚያስፈራው ነገር ሲቀርበው የቀረው አንድ መንገድ መንከስ ብቻ ነው። የእኅቴ ልጅ በስድስት ዓመቱ ክንዱ ላይ የተነከሰው ስሙን እየጠራ ምግብ ሲያቀብለው በነበረው የቤቱ ውሻ ነው። ውሻው ተራ የሀበሻ ውሻ ነበር፤ ከሰንሰለቱም አላመለጠም። ልጁ ኳሱን ሊያነሣ ገብቶ ሰንሰለቱ ወደሚደርስበት ክብ ስለተጠጋ ብቻ ነው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ውሻው በዚያው ቀን ተገደለ፤ ሰንሰለቱ ግን ለሚቀጥለው ውሻ ተቀመጠ፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ሕጋችን በዚህ ነገር ላይ ዝም ያለ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጠው፣ ያደረሰው ጉዳትም አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ለጉዳቱ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ዝርያ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ጥፋት ሠርቷል ወይ ብሎም አይጠይቅም። በብዙ በሮች ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ተብሎ የሚጻፈው ማስታወቂያ መንገደኛን ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል፤ ባለቤቱን ከዚህ ኃላፊነት ያወጣዋል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ውሻው የነከሰው የጎረቤት ልጅ ሲታከም ወጪውን መሸፈን ሕግ ያዘዘው ግዴታ መሆኑን የሚያውቅ የውሻ ባለቤት ግን አልበዛም፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሽምግልናና በይቅርታ ያልቃል።

እንግሊዞች ስለ ውሻ አደገኛነት ሲከራከሩ የመንጋጋን ጉልበትና የትከሻን ቁመት መለካት የቻሉት፣ ከሌሊት ወፍ በቀር በአገራቸው እንስሳት ላይ የእብድ ውሻ በሽታን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ስላጠፉ ነው። እኛ ገና አላጠፋንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው በውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹ ከአሥሩ አራቱ ያህል ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ይህ ቫይረስ ዝርያ አይመርጥም። ገና የሦስት ወር የሆነ ለስላሳ ቡችላ ጣት ላይ በቀላሉ ቢቧጭር፣ ከተያዘ፣ ከትልቁ ሮትዋይለር እኩል ይገድላል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ሊገታ እንደሚችል ይታወቃል። ስለዚህ ለውሻ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ዝርያ የሚመርጥ ሰው፣ በሦስተኛው ወሩ ሊሰጠው የሚገባውን ክትባት፣ ከዓመት በኋላ የሚደገመውንም ጨምሮ፣ ከዝርያው በፊት ሊያስብበት ይገባል እላለሁ።

ለተነከሰ ሰው የሚደረገውም ከዚሁ ጋር መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በገጠርም በከተማም እስከ ዛሬ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ነው፤ ያ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ተሂዶ ክትባት ይጀመር፤ የታዘዙት መርፌዎች ሁሉ እስኪያልቁም አይቋረጥ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ በንዴት አይገደል፤ ከሰውና ከእንስሳት ተለይቶ ለአሥር ቀን ይጠበቅ፤ በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀሩትን መርፌዎች በዚህ መሠረት ይወስናል። በመሐል ከሞተ ወይም መገደሉ ግድ ከሆነ ምርመራው የሚካሄደው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱን በዱላ ወይም በድንጋይ መፍጨት አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምርመራ የሚደረገው ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር ብሎ በሚጠራው፣ ጉለሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።