የተወለወለ ጠገራ ብር ዋጋው በምን ይለካል?

ሐረር ጀጎል ውስጥም ሆነ ድሬዳዋ መጋላ ጠገራ ብር የሚባለውን የድሮ ትልቅ የብር ሳንቲም የሚሸጥ ነጋዴ ሸቀጡን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት የመወልወል ልማድ አለው። በአመድና በሎሚ፣ አሁን አሁን ደግሞ በጥርስ ሳሙና የታሸ ጠገራ ብር ከሩቅ ስለሚያበራ፣ ለጌጥ ወይም ለማስታወሻ የሚገዛ ጎብኚ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው እርሱን ነው። ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ግን አጠገቡ ጠቁሮ የተቀመጠውን ያነሣል። የሁለቱ ገዢዎች ፍላጎት እንዲህ ተቃራኒ በሆነበት ገበያ፣ ከአያቶቻቸው የቆየላቸውን ብር ይዘው «ይህ ስንት ያወጣል? ባጸዳውስ ይሻላል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች አንድ ዋጋ ጠርቼ ማሰናበት አልችልም። ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር ቢኖር፣ ጽዳትም ሆነ ጉዳት የሚቀንሰው የሳንቲሙን ዋጋ በሙሉ ሳይሆን ከገጹ የሚመጣውን ድርሻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዋጋው የቆመው በማዕድኑ፣ በብርቅነቱ ወይስ በገጹ አለመነካት ላይ እንደ ሆነ ነው።

በአካባቢያችን በብዛት የሚገኘው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ዋጋው በማዕድኑ ላይ የቆመ ሳንቲም ነው። ሁሉም 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ስለያዙ፣ ባለቤቶቻቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ እንደ ያዙ አድርገው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ካረፈች በኋላ ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፣ በቬኒስና በሚላኖ፣ እንዲሁም ሙሶሊኒ የማተም መብቱን በእጁ ካስገባበት ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም፣ ቀጥሎም በለንደንና በቦምቤይ በሚሊዮኖች ቁጥር ሲታተም ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው፣ ማለትም 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የአንድ ግራም ንጹሕ ብርን የዕለቱን ዋጋ በ23.4 ማባዛት የሳንቲሙን የዋጋ ወለል ያሳያል፤ የተለመደው ዓይነት ከዚያ ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል መወልወሉ ባለቤቱን የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። የሐረር ብር ሠሪዎች ለአምባርና ለድሪ ሲያቀልጡት የኖሩትም ከሁሉ በላይ እንደ ማዕድን ስለሚመዝኑት ነው። በእርግጥ ቀደምት የሆኑትንና የትኛው ማተሚያ ቤት እንዳወጣቸው በጥቃቅን ምልክቶች የሚለዩትን ዓይነቶች ይህ አይመለከታቸውም፤ ያንን ለመለየት ግን ቢያንስ ምልክቶቹ በውልወላ ጠፍተው መገኘት የለባቸውም።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ታሪኩ ሌላ ነው። ፓሪስ ታትሞ የመጣው፣ ፲፰፻፹፯ የሚል ቀን የተጻፈበት ብር ክብደቱና የብር መጠኑ ከማርያ ቴሬዛ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሲሆን ዓላማውም እርሱን ከገበያ ማስወጣት ነበር። ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ አልለቅም ስላለ ዓላማው ሙሉ በሙሉ ባይሳካም፣ የታተመው መጠን ከማርያ ቴሬዛ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ሰብሳቢዎች ዛሬ አጥብቀው ይፈልጉታል። እዚህ ላይ ነው ውልወላ የሚያከስረው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ ዘውዱና የአንበሳው ጋማ የተላጠ የምኒልክ ብር ከማዕድኑ ዋጋ በመጠኑ ከፍ ብሎ ሲሸጥ፣ ያልተነካው ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የገጹ ዋጋ ነው። የተላጠውን የወለወለ ሰው ያጣው ጥቂት ሲሆን፣ ያልተላጠውን የወለወለ ግን የዋጋውን አብዛኛውን ክፍል ከጨርቁ ጋር ጠርጎ ጥሎታል።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ የሚገባው ሳንቲም እንዴት እንደሚታተም ላሰበ ሰው ነው። ማተሚያው በከባድ ኃይል ሲወርድ ማዕድኑ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፤ በዚህም ለዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ገጹ ላይ ይቀራሉ። አዲስ ሳንቲም ከመብራት ሥር ሲዘነበል ብርሃኑ ገጹን እየዞረ የሚሄደው በእነዚህ መስመሮች ምክንያት ነው። ከጊዜ በኋላ የሚመጣው ጥቁረት ደግሞ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሕድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ጥቁረቱ ራሱ ከሳንቲሙ ብር የተሠራ በመሆኑ፣ በአሲድ ማጽጃ ሲነከር ከጥቁረቱ ጋር የገጹ ብርም አብሮ ይሄዳል። በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ደግሞ መስመሮቹ ተልጠው በቦታቸው የእጅ ጭረት ይተካል። አንዴ የተነከረ ሳንቲም አንዳንድ ጊዜ ሊያመልጥ ይችላል፤ ደጋግሞ የተነከረው ግን ነጭ ሆኖ ሳለ ብርሃን የማይመልስ ድንዝዝ ገጽ ይኖረዋል። ይህ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

ሲገዙ ለመለየት አንድ መብራትና አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። ሱቁ ደጃፍ ላይ በቀትር ፀሐይ መመልከት ግን አይጠቅምም፤ የድሬዳዋ ብርሃን ሁሉንም ነገር ስለሚያበራ ጭረቱን ይደብቃል። ሳንቲሙን ከመብራቱ ሥር ቀስ አድርጎ ማዘንበል ነው፤ አገልግሎት ያመጣው መላጥ ከፍ ባሉት ቦታዎች፣ ማለትም በጉንጩ፣ በዘውዱ ጌጥና በጋማው ላይ ብቻ ሲታይ፣ የውልወላ ጭረት ግን ዝቅ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ወይም እየዞረ ተሰምሮ ይገኛል። ሜዳው ነጭ ሆኖ በፊደላቱ ጥግና ጥግ ጥቁር እድፍ የተረፈ ከሆነም ጨርቁ ያልደረሰበት ቦታ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያጠራጥረኝ ግን በጣም ተልጦ ሳለ በጣም የነጣ ሳንቲም ነው፤ ያን ያህል ዘመን ኪስ ለኪስ የዞረ ብር ግራጫ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ውልወላ የሐሰተኛን ሳንቲም ጉድለት ስለሚሸፍን፣ የሚያበራውን ከመተመን በፊት እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ይገባል። የማርያ ቴሬዛም ሆነ የምኒልክ ብር እያንዳንዱ ለብቻው በክር ታስሮ፣ ሚዛን ላይ በተቀመጠ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ታችኛውን ሳይነካ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 2.75 ግራም ያህል መጨመር አለበት፤ ክብደቱ ልክ ሆኖ ይህኛው ቁጥር በብዙ ከራቀ ማዕድኑ ሌላ ነው።

በውጭ አገር ያሉት ትልልቆቹ የሳንቲም ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች ለሳንቲም ጤንነት ከ1 እስከ 70 ቁጥር ሲሰጡ፣ የጸዳ ወይም የተጎዳ ሆኖ ላገኙት ግን ቁጥር ከልክለው ጉዳቱን በጽሑፍ ብቻ ይገልጻሉ። ይህ ለገዢ ግልጽነት ቢኖረውም ከእኛ አገር ሳንቲም ለዚህ ሲባል መላክን አልመክርም። ወጪው ከተራው ሳንቲም ዋጋ ይበልጣል፤ ከዚህም በላይ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል።

ወደ ሐረር ልዩ ጉዳይ ልመለስ። እዚህ የሚገኝ ጠገራ ብር ብዙው በሴቶች አንገት ላይ የኖረ ነው፤ ስለዚህ ወይ ተበስቷል፣ ወይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ለሰብሳቢ እንደ ደህና ሳንቲም የሚቀርብበት ጊዜም አለ። ይህን ለማወቅ ፊቱን ትቶ ጠርዙን ማየት ነው፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» (ፍትሕና ምሕረት) የሚል የላቲን ጽሑፍ በዙሪያው ስላለ፣ ጽሑፉ ከንግሥቲቱ ምስል ራስ በላይ ባለው ቦታ ተሞርዶ ከጠፋ ወይም አካባቢው በእሳት ቀለሙ ከተለወጠ ብየዳ ነበረበት ማለት ነው። ስለ ቀዳዳ የእኔ ፍርድ ከብዙ ሰብሳቢዎች በጥቂቱ ይለያል። ክፍት ቀዳዳ ሁሉም የሚያየው ጉዳት በመሆኑ ማንንም አያታልልም፤ በብር ተደፍኖ የተሞረደ ቀዳዳ ግን ጉዳትም ማታለልም ስለሆነ ከክፍቱ ያነሰ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ማንጠልጠያው በቦታው ያለ፣ ከነድሪው የቆየ ብር ደግሞ በሳንቲም ሚዛን መመዘን የለበትም። እርሱ የሐረሪ ወይም የኦሮሞ እናቶች ጌጥ ነው፤ ብር ሠሪው ያደረገበት ሥራ የራሱ ዋጋ አለው። ጌጡን ፈትቶ ሳንቲሙን ለብቻው የሚሸጥ ሰው ጌጡንም አጥቶ የተጎዳ ሳንቲም ይዞ ይቀራል።

መዳብ ከብር ይልቅ ጽዳትን አይችልም። በሎሚ የታጠበ የመዳብ ሳንቲም ለጊዜው ሮዝ ቢጤ ይሆንና ከዚያ የተዝጎረጎረ መልክ ይይዛል፤ የቀድሞው ቡናማ ቆዳው አይመለስም። ስለ መዳብ ከተነሣ የ1936 ዓ.ም. 25 ሳንቲም አንድ ነገር ያስታውሰኛል። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ አንዳንዶች ብር እየቀቡ በእጥፍ ያሳልፉት ጀመር፤ በዚህ ምክንያት ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ የሆነው ተተካ። ክቡን 25 ሳንቲም የነጭ ቅብ ርዝራዥ ተጣብቆበት ያገኘ ሰው እንዳይፍቀው እለምናለሁ፤ በሌላ ሳንቲም ላይ ጉድለት የሚባለው ቅብ በዚህኛው ላይ ሳንቲሙ ለምን እንደ ተለወጠ የሚመሰክር ነው።

«አብሽር፣ ባጥበው እንደ አዲስ ይሆናል» ለሚለኝ ባለሱቅ የምፈቅድለት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው በተጣራ ውኃ ዘፍዝፎ አፈሩን ማስለቀቅና ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ሁለተኛው ንጹሕ አሴቶን ነው። ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ የቆየ ሳንቲም የሚያወጣውን አረንጓዴ ልግ አሴቶን ማዕድኑን ሳይነካ ያሟሟዋል፤ ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸጠው ግን ሽቶና ቅባት ስላለበት አይሆንም። ሳንቲሙን መልሶ እዚያው ላስቲክ ውስጥ መክተት ግን ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ከላይ ያልኩት ሁሉ የማይሠራበት አንድ ሳንቲም ቢኖር የሐረር መሐለቅ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ማግሥት በምኒልክ እጅ ከመግባቷ በፊት አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር፤ የመጨረሻው አሚር ዓብዱላሂም አትሟል። እነዚህ ትናንሽና ስስ ሳንቲሞች ሲታተሙም እኩል ስላልነበሩ የተሟላ ገጽ መጠበቅ ከንቱ ነው። ዋጋቸው የቆመው በብርቅነታቸውና የአሚሩ ስም ወይም የሒጅራው ዓመት በመነበቡ ላይ ነው። የትኛው ክፍል መነበብ እንዳለበት ማየት የሚፈልግ ሰው በራስ ተፈሪ ቤት ባለው የሸሪፍ ሙዚየም የተቀመጡትን የከተማዋን አሮጌ ገንዘቦች ቢመለከት ዓይኑ ይለምዳል። ስስ በመሆናቸው አንድ ጊዜ በአመድ ማሸት ጽሑፉን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ መሐለቅን የሚወለውል ሰው ዋጋውን ሳይሆን ማንነቱን ነው የሚያጠፋው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ የተበሳ ወይም የተጣመመ መሐለቅ ግን ስሙ እስከ ተነበበ ድረስ፣ ለምኒልክ ብር የምቀንሰውን ያህል ሩቡን እንኳ አልቀንስለትም።